ጉዳዩ፦ ሆዴን ይመለከታል

ደብረ ብርሃን፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ማመልከቻ ስጽፍ
ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ሁሉ ገመና በእጄ ሲያልፍ፣
ድንበር የተገፋ፣ ቀለብ የተነፈገ፣ ውርስ የተካደ —
የራሴን ለመናገር ግን አንደበቴ ከበደ።
አምስተኛ ቀኑ፤ ሆዴ እንደ ታሸገ መዝገብ
አይገለጥ፣ አይነበብ።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ከጣርማ በር የሚነሳው ብርድ
ውሃ አስጠልቶኝ፣ ከዱካዬ ሳልነሳ ቀኑ ሲነጉድ።
ጎረቤቴ የሰጠኝን ዱቄት፣ "የዘር ገለባ ነው፣ ምን ያደርጋል?" ያለኝን፣
ሌሊት፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ አወራርጄ ጋደም ስል
ጉሮሮዬ ላይ አብጦ ቆመ፣ እንደ ግትር ምስክር፤
አልወርድም አለ፣ አልወጣም አለ፣
አነጋሁ ስስል።

ጠዋት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሰልፍ።
ከኋላዬ የቆመው ደግሞ የትናንት ደንበኛዬ፣
የፍቺውን ወረቀት የጻፍኩለት።
በሱ ጆሮ ፊት እንዴት አድርጌ ላውራው?
እጄ የለመደውን አደረገ፦

"አመልካች፦ አስፋወሰን ጥላዬ።
ተጠሪ፦ የገዛ ሆዴ።
ዱቄቱ ትናንት ሊያንቀኝ ነበር፤
ይፈረድልኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ።"

ጽዮንነሽ አነበበች። አልሳቀችም፤
ከንፈሯን ነከሰች እንጂ።
"አሁን ምግብ ይዋጥልዎታል?" አለችኝ ቀስ ብላ።
በራሴ ንቅናቄ "አዎ" አልኩ።
ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባው ላይ በቀይ ጻፈች፦

"ትውከት፣ ደም፣ ጽኑ ቁርጠት፣ የሆድ መነፋት ካለ
ይግባኙ ለሆስፒታል ነው፤ ዱቄቱን እንዳይነኩ።
ከሌለ —
ይህ ዱቄት ውሃ ጥም የማያልፍለት ነው፤
ካላጠጡት ከርስዎ ይጠጣል።
በሙሉ ብርጭቆ አማስለው ሳይረጋ ይጨልጡት፤
ሌላ ብርጭቆ ይከተለው።
ወስደው አይተኙ።
የግፊቱን ኪኒን ከሱ ጋር አያጋጥሙ፣ ሁለት ሰዓት ያለያዩዋቸው።
በትንሹ ይጀምሩ። ቀጠሮው ሁለት ሦስት ቀን ነው፤
ዘገየ ብለው አይደራርቡ።"

ቀጠሮ! ለኔ!
ሰውን ሁሉ "ታገስ፣ ፍርድ ይዘገያል እንጂ አይቀርም" ስል ለኖርኩት።

በሦስተኛው ቀን፣ ውርጩ ሣሩን እንዳነጣው፣
ከጓሮ ስመለስ ቀና ብዬ ተራመድኩ። ሌላውን አልጽፈውም፤
መዝገቡ ተከፍቷል።

ዛሬ ከጠረጴዛዬ ሥር ውሃ የሞላ ጆግ አለ።
የፍቺው ሰውዬ መጥቶ ተቀመጠ፣ ዙሪያውን ቃኘ፣
ስለ ሚስቱ አንድ ነገር ጀምሮ ተወው።
ከዚያ አጎንብሶ፣
"ጋሼ... ያቺን ያን ዕለት የጻፏትን፣
በኔ ስም ይገልብጡልኝ" አለ።
ብርጭቆ አቀረብኩለት።