ፍንጣሪ

አፉላ ነው። ከምድር በታች፣ መስኮት የሌለው ክፍል፤
ቀኑ ከሌሊቱ በፀሐይ የማይከፈል።
ዶክተር ሩላ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች፤
የሰው ደረት በስስ በስሱ ተቆርጦ፣ አንድ በአንድ ገለጠች።
ሦስት መቶ አርባ ቁራጭ።
ጥቁሩ አየር ነው፤ ነጩ ሥጋና አጥንት፤
ከዚያ መሀል የምትሻው የምስር ክክ የማታህል አንዲት ቅንጣት።

የኔ ሥራ ቋንቋ ነው።
ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ ሰው አሻግራለሁ፤
"ትንፋሽዎን ይያዙ" እላለሁ፣ "አሁን ይልቀቁት" እላለሁ፤
ደግ ወሬ ሲሆን እፈጥናለሁ፣ ክፉ ሲሆን ምራቄን እውጣለሁ።

አባ ቢያድግልኝ ሰባ ስምንት ሞልቷቸዋል፤
የእሳት ጠባሳ ከመዳፍ እስከ ክርን ወርዶባቸዋል።
ወገራ ሳሉ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤
ቀን ማረሻ የገዟቸው፣ ማታ "ዐይናቸው ይበላል" እያሉ ሲያሟቸው የኖሩ።

ሶፍትዌሩ ሳይደክመው፣ ሳያዛጋ፣
ከቀኝ ሳንባቸው ታች፣ ከጎድን አጥንት ጥላ ሥር፣
ቢጫ ክብ አሠመረ።
ስድስት ሚሊሜትር።

ሩላ ዝም አለች። ሁለት ጊዜ አልፋው ነበር፤
ፊቷ ላይ ትንሽ ኀፍረት፣ ትንሽ ምስጋና ነበር።
ሌላም ክብ አለ፤ እሱን ግን ሳቀችበት፦
"ይኼስ የደም ሥር ነው፤ ሲታጠፍ አይቶ ደነገጠበት።"
ሰረዘችው።
ሁለተኛውን ለመሰረዝ ጣቷ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ።

ማሽኑ አየ።
"አዬ!" የሚለው ግን ሰው ነው።
በማየትና በ"አዬ" መሀል
ስንት ሚሊሜትር ነው?

"ንገሪያቸው" አለችኝ።
ምን ብዬ?
"እጢ" ብል፣ ቃሉ ብቻውን ድንኳን ያስተክላል፤
"እብጠት" ብል፣ ጎንበስ ብለው እግራቸውን ያያሉ፤
"ነጥብ" ብል፣ አራት ነጥብ ይመስላል፣ ነገር ይቋጫል።
ዕብራይስጡ አጭር ነው፤ አንድ ቃል፣ ንጹሕ፣ የታጠበ፤
አማርኛው ግን ለቀስተኛውን አብሮ ሰበሰበ።

ዝም ብል ጊዜ፣ ስክሪኑን ራሷ አዞረችላቸው።
አባ ቢያድግልኝ መነጽራቸውን ከግንባር አወረዱ፤
በሌባ ጣትና በአውራ ጣት አየሩን ለኩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።
"ፍንጣሪ ናት" አሉ።
"የጋለ ብረት ሲመታ የምትዘልለዋ።
አንዷ በአየር ላይ ትሞታለች፤ አንዷ ልብስ አልፋ ሥጋ ትበላለች።
ሠላሳ ዓመት ወናፍ አናፋሁ፤ ይኸው ከገዛ ወናፌ ውስጥ አንዷ ተኝታለች።
እንግዲህ ጠይቂልኝ፦ በርዳለች ወይስ ታጨሳለች?"

እኔ ያጣሁትን ቃል ከራሳቸው ደረት አወጡት።
ወደ ዕብራይስጥ መለስኩት። ጎደለ። ደግሜ መለስኩት።
ሩላ ዐይኗን ከስክሪኑ ነቀለች፦
"በእናቴ ቋንቋ ሸራራ ነው የምንላት" አለች።
"በርዳ ይሆናል። የሱዳን ጊዜ ሳል የተወው ጠባሳም ይሆናል።
ይኼ ክብ 'እዚህ ተመልከቺ' ይላል እንጂ፣
ከየት እንደመጣች ምን ያውቃል?
ስድስት ወር እንጠብቅና እንለካታለን፤
ካላደገች እንተዋታለን።"
ካደገችስ? አልጠየቁም፤ አልተናገረችም።

"ለአንድ ሚሊሜትር አንድ ወር" አሉ አባ፣ ፈገግ ብለው፤
"ደግ ነው። ብረትም ቀልቶ ሳለ አይፈረድበት፤ ሲበርድ ነው የሚታየው።"

ኮታቸውን ደረብኩላቸው። በሩ ጋ ቆሙ፤
ወደ ሣጥኑ፣ ወደዚያ ፊት ወደሌለው ዐይን፣ ዞረው አዩ፦
"የኔን ዐይን ፈርተው ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፈኑብኝ።
ይኼኛው ቆዳዬን አልፎ፣ አጥንቴን አልፎ አየኝ፤
እስቲ ማን ቡዳ አለው?"

"ምን አሉ?" አለችኝ ሩላ።
"አመሰግናለሁ ነው የሚሉት" አልኳት።
የሚቀጥለው ሰው ደረት ስክሪኑ ላይ ወጥቶ ነበር።