ሰማያዊ ፖስታ

ከማታ ፈረቃ ስመለስ ደክሜ፣
በሩን ገፋ አድርጌ፣ ከደፉ ላይ ቆሜ፣
ወለሉ ላይ አየሁት፤ ሰማያዊ ፖስታ፣
የግብር ቢሮ ቀለም፣ የሮተርዳም ሰላምታ።

ጃኬቴን ሳላወልቅ፣ መብራት ሳላበራ፣
ልቤ ሲንደረደር ሰማሁት፣ ስሜን እየጠራ።
ችሎት ተሰየመ በሆዴ አዳራሽ፣
ከሳሹም እኔው ነኝ፣ እኔው ነኝ ተከሳሽ፤
ምስክር ሳይቆጠር፣ ጠበቃ ሳይናገር፣
ተፈረደብኝ፤
ፖስታው ግን እንደታሸገ ነበር።

ይህን ድንጋጤ አውቀዋለሁ፣ የጥንት ደንበኛዬ ነው፤
እሱ ሲመጣ ነበር ጣቴ ስልክ የሚፈልገው፣
አንደበቴ «እስከ ዓርብ ብቻ፣ በሞቴ» የሚለው።
ከትርንጎ ሁለት መቶ፣ ከሰይፈ አራት መቶ፣
የዕቁቡም አንደኛ ዕጣ፣ ለምኜ፣ ለእኔ ወጥቶ፣
ሳምንት ሳይሞላ ቀለጠ።
ለማላውቃት ሙሽራ የአንገት ወርቅ፣
ለአሥራ ሁለት ሰው እራት፣ «ሂሳቡ በእኔ!» ብዬ ስስቅ።
ሰው ለጉርሱ ይበደራል፤ የእኔ ለትንፋሽ ነበር፣
ግማሽ ሰዓት ቀልሎኝ፣ ሌት ሙሉ ዕዳ ልቆጥር።

ደብዳቤዎቹንማ
ከፍራሼ ሥር ከትቼ፣ ሠላሳ አንድ ፖስታ፣
እንደታቀፈች ዶሮ እተኛባቸው ነበር ማታ ማታ።
ሙቀቴም አልከዳቸውም፤
ወለዱ። ወለድ ወለዱ።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
ስምንት ሆነን እንቀመጣለን፣ ደብተራችን ፊት ለፊት።
አሥራ አንድ ወር ሞላኝ፤ አዲስ ብድር የለም።
ወደብ ላይ ክሬን ያንቀሳቅስ የነበረው ሽማግሌ፣ ቪለም፣
«ኮንቴይነር ከሩቅ ሲታይ» አለኝ፣
«ባዶውም ሙሉውም አንድ ነው፤
ክብደቱን የሚነግርሽ ሚዛን ነው፣ ዓይን አይደለም።»

እናም ፖስታውን ከጨው ዕቃው ጎን አኖርኩት፤
አልቀደድኩት፣ አልደበቅኩት።
ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ «አምስት ሰዓት። ፍርሃት፦ ከአሥር ዘጠኝ።»
የደንብ ልብሴን አጠብኩ። ሩዝ አረረብኝ።
ሰይፈ ስልኬ ውስጥ ነበር፣ አንድ ጣት ያህል ርቀት፤
«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» ይላሉ፤
እኔ ስንቱን አፍስሼ ሳልለቅም ቀረሁ፣ በስንቱ ቤት።
«ስድስት ሰዓት ተኩል። ስድስት።» ተኛሁ።
አልቀለለኝም፤ ግን ተኛሁ።

ጠዋት በቢላ ከፈትኩት።
«የቤት ኪራይ ድጎማዎ እንደ አምናው ይቀጥላል።»
በቃ። ይኸው ነው።

ያኔ ደግሞ ደስታ መጣ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፤
«ኬክ ግዢ» አለኝ፣ «ጥሪያቸው፣ እስኪ ዛሬ እንኳ እንሳቅ፤
የጎደለውን ሰይፈ ይሞላል።»
አየሁት። ድምፁ የማታው ዳኛ ድምፅ ነበር፣
ካባውን ብቻ ቀይሮ።
ጻፍኩለት፦ «ሁለት ሰዓት። ደስታ፦ ከአሥር ዘጠኝ።»
እሱንም ከጨው ዕቃው ጎን አስቀመጥኩት፣ ይብረድልኝ።

ዕዳው እንዳለ ነው፤ አሥራ አራት ሺህ ከምናምን፤
የማታው ፍርሃት አልጨመረበትም፣
የጠዋቱ ደስታም አልቀነሰለትም።
ለሳምንቱ ስድሳ ዩሮ አለኝ።
በፖስታው ጀርባ የገበያዬን ዝርዝር ጻፍኩ፦
ሽንኩርት፣ ምስር፣ የትራም ካርድ፣
ከሥሩም፣ ለትርንጎ፣ አሥራ አምስት።

ትርንጎ መንገድ ላይ ስታየኝ ሰላምታዬን አትመልስም።
ቢሆንም፣ አሥራ አምስት።