ከአንድ እስከ ሰባት

ለአርባ ሼቅል ብዬ፣ መጠይቅ ልሞላ፣
ቁጭ አልኩኝ ቤርሳቤህ፣ ከሦስት ሰው ኋላ።
«ስልክሽን ድምፅ ዘግተሽ፣ ቅርጫት ውስጥ ጣይ» አሉኝ፣
እርሳስና ወረቀት፣ ቁጥር አቀበሉኝ።
«አንዱ ‹በፍጹም› ነው፣ ሰባቱ ‹ሁልጊዜ›፤
ክበቢ» አለኝ አጥኚው፣ እሱም በድንዛዜ።

አራተኛው ጥያቄ፦ «ቤተሰቤ ይረዳኛል።»
ምኑን ልክበብ እዚህ ላይ? ሰባት የት ይበቃኛል?
እናቴ ማንበብ አትችልም። ስለ እኔ ግን ተማረች፣
ሦስት የዕብራይስጥ ፊደል፤ ስሜን ብቻ፤ እዚያው ቀረች።
እሑድ ጧት በቅርያት ጋት፣ ባቡር ለሚይዝ ወታደር፣
ለጎረቤታችን ልጅ፣ ከነጠመንጃው ለሚበር፣
ታሸክመዋለች ከረጢት፣ ‹ጌጤ› ተብሎ የተጻፈ፣
ስንቱ ድስት ከማደሪያው ፍሪጅ፣ ስም አጥቶ ስለተዘረፈ።

አባቴ ይርጋ ዘበኛ ነው። የሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣
የሰው ቦርሳ ሲፈትሽ ይመሻል፤ ወገቡ ታሞ።
የምማረውን ትምህርት ስም፣ እስከ ዛሬ አልያዘውም፤
የምከፍልበትን ቀን ግን፣ አንዴም እንኳ አልሳተውም።

አሥራ አንድ፦ «ጓደኛ አለሽ?» አለችኝ ኖፋር፣ የጎን ጓዳ፤
«ጨው አለሽ?» ትላለች በስልክ፣ ለአንድ እርምጃ ጣቷን ሰዳ።

ገጹን ገለበጥኩ። አሥራ ስምንት፦
«አንድ ደቂቃ ብለሽ ገብተሽ፣ ነግቶብሽ ያውቃል ሌሊት?»

የማላውቃት ሴትዮ፣ ምድጃዋን ስትፈትግ፣
አያለሁ ተሸፋፍኜ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላ ስፈልግ።
በዚያው ሰዓት እናቴ፣ እንቅልፏን በውሃ ገፍፋ፣
የሆስፒታል ኮሪደር ትወለውላለች፣ መወልወያዋን ተደግፋ።
የሴትዮዋን ምድጃ፣ ሁለት ሚሊዮን ሰው አይቶታል።
የእናቴን ወለል ማን ያያል? ሐኪም በጫማው ያልፍበታል።
«ሳጠና ነጋ» ስላት፣ «ዓይንሽን! ዓይንሽን፣ ልጄ!»
እሑድ ካሮት በኪሎ፣ ስሜ ተጽፎበት ገባ እጄ።

ሃያ ሦስት፦ «ስለዚህ ነገር፣ ለቤተሰብሽ ዋሽተሽ ታውቂያለሽ?»
እርሳሴ ሰባት ላይ ቆመ።
ቀስ ብሎ ወደ ግራ አዘመመ፣
ሦስትን ከበበ።
ስለ ውሸቴም ዋሸሁ። ማን አነበበ?

አርባዬን ተቀብዬ፣ ስልኬን ከቅርጫቱ ሳወጣ፣
ፀሐዩ ደረጃው ላይ፣ ዓይኔን ሊያጠፋው መጣ።
በመዳፌ ጋርጄ አየሁ፦ ዘጠኝ አዲስ መልእክት፣
ከሥር «እማዬ»፤ ያመለጠ ጥሪ፤ አንድ፤ ከሩብ ሰዓት በፊት።
ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ።
ዘጠኙን አስቀድሜ ከፈትኩ።