የውድነሽ ዋጋ

ደብረ ብርሃን፥ ባንክ ቤት፥ ወረፋዬን ስጠብቅ፥
ዓይኔ ተተክሎ ቀረ፥ ከግድግዳው ላይ ሳይለቅ፤
በቴሌቪዥኑ ውስጥ፥ ዕድሜው የኔን የሚያህል፥
ሰውዬ ሳንቃ ረግጦ፥ በረዶ ለሁለት ሲከፍል።
«አባባ፥ ተራዎት ደርሷል!»፥ ከኋላ አንዷ ገፋችኝ።
አባባ አለችኝ።

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ውሃ ቆጣሪ አነባለሁ፤
በየሰው ግቢ ስገባ፥ ከውሻ ጋር እጣላለሁ።
ውርጭ ቧንቧ በሰነጠቀ፥ የሚሰደበው እኔ ነኝ፤
ከዚህ ሁሉ ዓመት ብርድ፥ ከቁርጥማት ሌላ ምን ደረሰኝ?

አጠያየቅሁ። አንድ ጎረምሳ፥ አዲስ አበባ ያለ፥
«ውጭ እንልክዎታለን፤ ለሰዓት መቶ ዶላር» አለ።
በመቶ ዶላሩማ የመንዝ ሙክት ይገዛል፤
ላቱ መሬት የሚጠርግ፥ ለጎረቤትም ይተርፋል።

የጣርማበር ሚኒባስ ረዳት፥ መልስ እየቆጠረልኝ፥
እንዲህ ሲል ጠቆመኝ፦
«ዋሻው አጠገብ አንዲት፥ ከዱባይ የመጣች አለች፤
ጣራ ሥር ካለ በረዶ፥ ስድስት ዓመት የሠራች።
ውድነሽ ትባላለች።»
ስሟ «ውድ ነሽ» ከሆነ፥ በዋጋዋማ አለቀልኝ!

ሄድሁ። ደጇ ላይ ድንች ትመድባለች።
እዚያ፥ በሰው ሠራሽ ተራራ፥ ጫማ ስትወለውል ኖራለች፤
የባዕድ ልጆች ሲማሩ፥ በዓይኗ እየሰረቀች፦
ጉልበት ሸብረክ። ዓይን ወደ ፊት።
ሌሊት፥ ደንበኛ ሲወጣ፥ አንድ የኔፓል ልጅ መብራት
በግማሽ ይለቅላት ነበር።
ባልንጀሮቿ ሲመለሱ፥ ቴሌቪዥን ተሸከሙ፤
እሷ ጠርዙ የተሸረፈ ሳንቃ፤ ጎረቤቶች ተገረሙ።
«የልብስ መተኮሻ ነው?» አሏት እናቷ።

«ለሰዓት ስንት ነው?»
«ስልሳ።»
«ለብቻዬ? በግል?»
ሳቀች፥ ድንቿን ትታ ተነሣች፤
«አንድ ሳንቃ ነው ያለኝ ጋሼ፥ በግል ካልሆነ በምን?» አለች።
«አርባ ይሁንልኝ» አልኋት።
«በአርባ መውደቅ ብቻ ነው የማስተምረው፤
መነሣት ሃያ ይጨመራል።»

ሦስት ቅዳሜ ወደቅሁ፥ በእርጥብ ሣር፥ በጎን፥ በደረት፤
ሰፈሩ አጥር ላይ ወጥቶ፦ «ሰውዬው ቆጣሪው ዞረበት!»
እሷ ግን፦ «መሬቱን አይፍሩት፤
ከመሬት ወዲያ የት ሊወድቁ?»

በአራተኛው፥ መስከረም አጋማሽ፥ ሰማይ ጠቁሮ ተሰበረ፤
መጀመሪያ ባቄላ፥ ኋላ እንቁላል የሚያህል ወረወረ።
ተረተሩ ነጭ ሆነ፤ ልክ እንደ ባንክ ቤቱ።
«መጣልሽ! ሳንቃውን አምጪው!» ብዬ ጮኽሁ እንደ ሞኝ፤
አልሰማችኝ።
ከታች፥ ከማሳው ጫፍ ላይ፥ አቶ ጌጤነህ ቆመዋል፤
ጋቢያቸው ራሳቸው ላይ፥ እጃቸው ወደ ጎን ወርዷል፤
ገብሱ ምድር ላይ ተኝቷል።
«ዛሬ ትምህርት የለም» አለች። ጆንያ ሰጠችኝ።
እስኪመሽ ዛላ ለቀምን፥ ጣቴ የኔ አልመስል እስኪለኝ።
በረዶው ከእግራችን ሥር ቀለጠ፤
ማንም አልተንሸራተተበት።

ታኅሣሥ። አዝመራው ገብቶ፥ ማሳው ባዶ ሲቀር፥
ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ፥ ስልኬ ጮኸ ከራስጌዬ ሥር፦
«አመዳይ ጥሏል ጋሼ፤ ፀሐይ ሳይቀድመን ይምጡ።»

ማንንም የማይጎዳ ነጭ።
ጉልበቴን ሸብረክ አደረግሁ። ዓይኔን ወደ ፊት።
ሳንቃው ሣሩን ፈጭ አደረገው፤ ከዚያ ድምፅ ጠፋ፤
ብርዱ ለመጀመሪያ ጊዜ፥ ደረቴን ሳይሆን ጀርባዬን ገፋ።
የከተማው ቧንቧ ሁሉ ይሰንጠቅ፥ አልሁ በሆዴ።
አሥራ ሰባት እርምጃ። እሷ ናት የቆጠረችው።
ከዚያ አጥሩ። ከዚያ ሣሩ፥ በአፍንጫዬ።
ቆይቼ፥ በአራት እግሬ፥ ተነሣሁ።

ስልሳ ብር ቆጥሬ ሰጠኋት፤ ሃያውን መለሰችልኝ።
«ምነው?»
«ዛሬ ማን አነሣዎት?»