ማራገቢያ የያዘው ሰው

ሐሙስ ገበያ ሲፈታ፣ የሂርማታ ሰው ሲበተን፣
ጭቃውን ከእግሩ አራግፎ፣ ስሙኒውን በመዳፉ ጨብጦ
ሲኒማው ደጅ ለሚጋፋው ሁሉ
አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፤
ከሸራው ሥር በርጩማ ላይ ቆሜ፣
በጥልያን ጋራዥ ጥርሴን ነቅዬ የለቀምኩትን ቋንቋ
ቆርቆሮውን ከሚደበድበው ዝናብ ጋር እየተሟገትኩ
አንዴ ባማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ የምቸረችር።

የዚያን ለታ የመጣው የግሪኮች የጥንት ተረት ነው፤
የሚበር ፈረስ፣ የባሕር አውሬ፣ የአማልክት ኩርፊያ።
«ይህች» አልኩ ጮክ ብዬ፣
«የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፣ ከቋጥኝ ጋር የታሰረችው።»

አዳራሹ ጸጥ።
ከዚያ ሳቅ።
ጸጉሯ የበቆሎ ፂም፣ ዓይኗ የጠርሙስ ስባሪ!
«የየትኛው ንጉሥ?» አለ አባ ቡልጉ፣ በቅሎ ነጋዴው፣
«ከጅሬን እንዲህ ያለች ወርዳ አታውቅም!»
«በእናቷ ይሆናላ» አለ ሌላው፤
ሳቁ ዝናቡን ረታው።

ቀመሪያ ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም፤
ከኋላ ወንበር፣ ሻሿን እያጠበቀች፣
«ታዲያ እኛ የት ነን?» አለች።

ፈለግን።
ከዙፋኑ ጀርባ፣ ከሸራው ጠርዝ፣
ግማሽ ትከሻው ተቆርጦ፣
የሰጎን ላባ ማራገቢያ ይዞ የቆመ አንድ ሰው —
ጥቁር፣ በዘይት የተወለወለ፣
ሁለት ሰዓት ሙሉ ቃል የማይወጣው።
ግንባሩ ቁርጥ የወንድሜ የነጋዎ።

ቅዳሜ ማታ ያው ፊልም ታየ።
አውሬው ከማዕበሉ ሲወጣ፣
ጀግናው ከላይ ሲያንዣብብ፣ ንጉሡ አፉን ሲያላውስ፣
ትርጉሙን ጣልኩት።
«ማራገቢያ የያዘው ሰው» አልኩ፣ «እንዲህ ይላል፦
ይህችን ልጅ አላውቃትም።
የኔዋ ቤት ናት፣ እናቷ ጸጉሯን እየሠራቻት።
ለአውሬም አልሰጣት፣
አድናታለሁ ለሚለውም አልሰጣት።
ክንዴ ዝሏል።
ነፋስ ያማረው ንጉሥ ተነሥቶ መስኮቱን ይክፈት።»

በኦሮምኛም ደገምኩት፤
በኦሮምኛ ትንሽ ረዘም አደረግኩት።

ማንም አልሳቀ።
አባ ቡልጉ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረ።

ሙሴ ስታማቲስ፣ ባለ ሲኒማው፣ አንድ ብር ከደሞዜ ቆረጠ።
«የአያቶቼን ተረት አበላሸህ» አለኝ፤
በሩ ጋ ደርሶ ግን ዞር ብሎ፣
«ሰውዬው ሌላ ምን አለ?»

ሰኞ ጠዋት ፊልሙ በቆርቆሮ ታሽጎ
ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ፣ ከዶሮ ቅርጫት ጎን፣
ወደ አጋሮ ሄደ።
አጋሮ አስተርጓሚ የላትም ይሉ ነበር።
እዚያ እንግዲህ ዝም ብሎ ያራግባል።