ወንበር ከሥሩ ሲታይ

ዐርብ ነው። ፈርዋኒያ፣ አራተኛው ፎቅ፤
የማቀዝቀዣው እንባ አያልቅ፣
ከሥሩ ባልዲ ደቅነናል።
የሙሄና የቢተው ትንፋሽ ግን ግሏል፤

ስለ አውሮፕላኑ ነው።
የመንግሥቱ፤ ጅራቱ ባንዲራ፣ ሆዱ ነጭ የሆነው።
ማን ወጣበት? በማን ገንዘብ? ለስንት ቀን?
ሙሄ ስልኩን ይዘረጋል፦ «ይኸው ፎቶው፣ ይኸው የነዳጁ ተመን!
የገዥው ፓርቲ ሰው፣ ለልጁ ጥሎሽ መግዣ፣
አየር ላይ አተነነው የድሃውን መጓጓዣ!»
ቢተው ከፍራሹ ይነሣል፦ «ለሥራ ነው የመጣው!
የእናንተው ሊቀ መንበር አምና፣ በጥምር መንግሥቱ ጊዜ፣ ምን ሊያደርግ ነው የወጣው?
ወገቡን ሊታከም? ወይስ ወርቅ ቤት?
ያኔ አፋችሁን ማን ሰፋው? የት ነበራችሁ? የት?»

የሩዙ ትሪ በመሃል በርዷል፣ የማንም እጅ አልገባበት።

እኔ አልናገርም።
ጠይቆኝም የሚያውቅ የለም።
ደግሞ የኩባንያውን ወረቀት ፈርሜአለሁ፤
«ያየሽውን አላየሽም» ይላል፤ አላየሁም ብያለሁ።

ግን ያንን አውሮፕላን አውቀዋለሁ።
ሁለቴ ሲያርፍ፣ ሁለቴ ጠርጌዋለሁ፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ በታላላቆቹ ማረፊያ፣
አስፋልቱ የቀኑን እሳት ሳይተፋ፣ በእጄ መጥረጊያ።
እነሱ ወንበር የሚያውቁት ከላይ፣ ተቀምጠው፤
እኔ ወንበር የማውቀው ከሥሩ፣ ተንበርክኬ ነው።

ከሥሩ ደግሞ ፓርቲ የለም።
የአንዱ ፍርፋሪ ከሌላው አይለይም፤
የተምር ፍሬ፣ የኦቾሎኒ ቅርፊት፣ የሽቶ ክዳን፣
የወርቅ ቤት ደረሰኝ፣ እንደ ክታብ ተጣጥፎ፣ ባለቤቱ የካደውን።
አምና የሙሄን ሰው ጥራጊ አወጣሁ፤
ዘንድሮ የቢተውን፤ ከአንድ ኪስ የወደቀ እስኪመስለኝ አየሁ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ለማንም ያልነገርኩት።

ዘንድሮ በመጣበት ሌሊት፣ በሰኔ፣
ሎሚናት ሬሳ ቤት ነበረች፤ አልጋዋ ከጎኔ።
«ልቧ ነው» አሉ። በሃያ ሦስት ዓመት ልብ!
ለሣጥኗ ማሳፈሪያ ከደጅ ደጅ ገንዘብ ስንሰበስብ
ዐሥራ ሰባተኛ ቀናችን ነበር።
ሙሄ ዐሥር ዲናር ሰጠ። ቢተውም ዐሥር።
በዚያ አልተከራከሩም።
ዝርዝሩ ኪሴ ነበር፣ ጉድለቱም፤
መቶ አርባ ዲናር።

ማሽኔን ስጎትት ወደ ኋላ፣ ወደ ጓዙ ክፍል፣
በክንዴ ለካሁት። አንድ ሣጥን ይችላል።
የቴሌቪዥን ካርቶኑ ቢነሣ ሁለትም ይችላል።
ዐሥራ አራት ወንበር፤ ተመላሹ አራት ሰው፤ ዐሥሩ ባዶ፤
ወደዚያው አፈር፣ በዚያው ሌሊት፣ ሰማዩን እንደ ሐር ቀዶ።

ለአብራሪው ልነግረው ነበር፤ ደግ ፊት ነበረው፤ በአማርኛ «እንዴት አመሸሽ» ያለኝ።
አፌን ከፈትኩ፤ «ጌታዬ፣ ምንጣፉ ገና እርጥብ ነው» የሚል ቃል አመለጠኝ።
አመስግኖ፣ በጣቱ ጫፍ አለፈኝ።

ሎሚናት በሃያ ስድስተኛው ቀን ሄደች፤
በጭነት፤ በኪሎ ተመዝና ተከፈለባት።

አሁን ሙሄ ግድግዳ ይመታል፤ ቢተው ጣቱን ይቀስራል፤
አንዱ «ገንዘቡን መልሱ!» አንዱ «ማስረጃ አምጣ!» ይላል።
ሁለቱም ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ነው የሚያደክመኝ።
ባልዲው ሞልቷል፤ ልደፋው ተነሣሁ፤ አንዳቸውም መንገድ አልለቀቁልኝ።

በመስኮቱ አንድ መብራት ሲወርድ ይታያል፤
የማን እንደሆነ ከዚህ ማን ያውቃል።
ነገ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተረኛ ነኝ።
የጉልበቴን ጨርቅ አጥቤ ብረቱ ላይ ሰቅየዋለሁ፤
በዚህ ሙቀት፣ እስከዚያ ይደርቃል።