የበር ቆጠራ

ትእዛዙ ከላይ ነው፣ አንድ ገጽ ወረቀት፦
«ኢድዋል፣ በሩ ላይ ሆነህ፣ ለአራት ሳምንታት
የሚገባውን ሰው ቁጠር በየዕለቱ፤
ስንቱ ቢሮ መጣ፣ ስንቱ ቀረ ቤቱ?»

ከታዊ ወንዝ ማዶ ጉም ሳይነሣ ገና
በአንድ እጄ ቁልፌን፣ በአንዱ መቁጠሪያውን ይዤ ቆምኩኝና…
መቁጠሪያ ቢሉትም ጸሎት የለበትም፤
ብረት ነው፣ ቀጭ ይላል፣ ስም አይጠራበትም።
ሰው ሲገባ፦ ቀጭ።
ሌላ ሰው፦ ቀጭ።
ከዚያ ዝም።

ሦስት መቶ ወንበር፣ አምስት ፎቅ ሙሉ ነው።
ሰኞ ዘጠና ሰው። ማክሰኞ ደኅና ነው፣
ስብሰባ ስላለ፣ ብስኩት ስለሚቀርብ፣
መቶ ሰባ ገባ። ረቡዕ ግን እንደ ልብ
ማፏጨት ይቻላል በየኮሪደሩ፤
ዓርብ፣ እኔና አሳንሰሩ።

ድሮ መሥሪያ ቤት ነው የምንለው ይህን፤
አሁን የሰው ቤቱ መሥሪያ ቤት ሲሆን
ይህን ምን እንበለው? ቤት እንዳንል፣ ማንም አያድርበት፤
መሥሪያ እንዳንል ደግሞ፣ የሚሠራ የለበት።

ጋዜጣው ይጮኻል፦ «በከፈልነው ግብር
ፒጃማ ለባሽ ነው የሚመራው ነገር!»
እኔ በበኩሌ ያየሁትን እንኳ ለመፍረድ አልወድም፤
ያላየሁት ሰው ላይ ምላሴ አይሄድም።

ሜናን ግን አውቃታለሁ። ጡረታ ክፍል ናት።
ሸለቆው ጫፍ ያለው ወጥ ቤቷ ቢሮ ሆናት፤
እናቷ ከጎኗ «አንቺ ማነሽ?» እያለች በሰዓት በሰዓት፣
እሷ የሰው ዘመን ትደምራለች፤ አንድ ቀን አይጎድላት።

ጌቲን ደግሞ አለ፣ የመንገድ መሐንዲስ፤
ከቤት ሥራ ቢሉትም ይመጣል፣ ዝናብ ቢያበሰብስ።
ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ዝም ያለ ቤት ፈርቶ
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ኮቱን ሰቅሎ፣ ራዲዮ ከፍቶ
ብቻውን ይሠራል።
እሱም አንድ ቀጭ ነው።
ብቸኝነት ሸሽቶ ወደ ባዶ አዳራሽ የሚመጣን ሰው ምን ብዬ ልጻፈው?
ሠንጠረዡ ጠባብ፤ ያለው ሁለት ሣጥን፦
«ገባ» እና «አልገባም»። ሌላ አልሰጡን።

ሪፖርት አጠናቃሪ፣ አንዊን የምትባል፣
ስክሪን ላይ ብቅ አለች፦ «ከመቶ ሰባ አንድ እጁ ከርቀት ይሠራል።»
«እኔስ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ «ሮንወንስ፣ በሌሊት ደረጃ የምትወለውል?
ዲልዊንስ? ቆሻሻ ከርቀት ይነሣል?»
ምስሏ ደርቆ ቀረ፣ አፏ እንደ ተከፈተ፣ ቃል እንደ ጀመረ፤
መልሷ እስከ ዛሬ በበሬ አላለፈም፣ አልተቆጠረ።

ዓርብ፣ የመጨረሻው ቀን። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሞላ።
ጌቲንም «ደኅና እደር» ብሎኝ ወጣ። ከሱ በኋላ
መብራት ላጠፋ ስል፣ ከአራተኛው ፎቅ ላይ
ስልክ ጮኸ። ተወው ይላል ደንቡ፤ የእኔ ሥራ በር ላይ።
ግን በባዶ ቤት ውስጥ የሚጮኽ ስልክ እንደ ሕፃን ነው፣
እየሰሙ አያልፉትም። ወጣሁ። አነሣሁት። «ማነው?»

«ውይ፣ ኢድዋል፣ አንተ ነህ? እኔ ነኝ፣ ሜና ነኝ።
ማንም ያነሣዋል ብዬ አልነበረም፤ እንዲያው ነው ያሰኘኝ፤
ወንበሬ ባዶውን፣ እኔ በሌለሁበት፣
ስልኬ ይጮኽ እንደሁ ልስማ ብዬ ነው። አበባዬስ? ደርቆ ጣሉት?»

«ማክሰኞ ማክሰኞ ውሃ አጠጣዋለሁ» አልኳት፣
«ባለፈው ሳምንት ሁለት ቅጠል አወጣ።» ዝም አለች። ከጀርባዋ ያሮጊት
ድምፅ መጣ፦ «አንቺ ማነሽ?»
«ልሂድ» አለች። ዘጋች።

መቁጠሪያው ኪሴ ነው። አወጣሁት። እንግዲህ ሜና ገባች
ወይስ ቀረች ልበል?
ቀኑ አላለቀም፤ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይቀራል።
ውጭ ዝናብ ጀምሯል።
አውራ ጣቴ ብረቱ ላይ። አሳንሰሩ ቆሟል፣ በሩን ከፍቶ፣
የሚወርድ ሰው ሽቶ።